«የሰመጠች መርከብ ለማየት ገንዘብ ከፈልክ?» ላላችሁኝ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ፖስት ረዘም ይላል። ቡና ጥዳችሁ ከሆነ እስክትፈላ አንብቡት። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቫሳ ሙዚየም አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ኮመንት ከሰጣችሁት የአራታችሁን ልጥቀስ። አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የሰመጠች መርከብ ለማየት ገንዘብ ከፈልክ?» አለ። አንዷ «ስቶክሆልም ከብርድ ሌላ ምን የሚታይ ነገር አለው?» አለች። የማከብራቸው አንድ ጋሼ «አክሱምና ላሊበላ እያሉን የነሱን ጣውላ ምን እናደርገዋለን?» ብለው ጻፉ። እዚሁ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት የኖረ ወዳጄ ደግሞ «እኔ እስካሁን በሩን ረግጬው አላውቅም፣ ምንም አልጎደለብኝም» ብሎ ሳቀ። ከሁሉም ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ጎድሎብሃል ወንድሜ። እንዴት እንደማውቅ ልንገርህ፤ ለእኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎድሎብኝ ነበር።

ፎቶውን ያነሳችው ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከክፍሏ ልጆች ጋር ቫሳን አይታ መጣች። ራት እየበላን «አባዬ፣ አንተ አይተሃታል?» አለችኝ። እኔ የታሪክ መምህር የነበርኩ ሰው፣ እንዴት «አላየሁም» ልበል? «አዎ፣ ድሮ» አልኳት። «ታዲያ ከፊት ለፊቷ ያለው እንስሳ ምንድን ነው?» አለች። ትንሽ አሰብኩና «ንስር» አልኩ። ልጄ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዳላፍር የፈለገች ይመስላል፣ «አንበሳ ነው፣ አባዬ» አለችኝ።

አስቡት። አንበሳ! ሐበሻ አባት አንበሳ ስቶ ንስር አለ። ቅዳሜ ዕለት ወሰደችኝ፣ እሷ አስጎበኘችኝ። ለልጆች እስከ አሥራ ስምንት ዓመት መግቢያው ነፃ ነው። የከፈልኩት ለራሴ ነው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ቅጣት አድርጌ ቆጠርኩት።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

እንግዳ ከአገር ቤት ወይ ከአሜሪካ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት ሰዓት አለን። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ፎቶ፣ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ፎቶ፣ ጋምላ ስታን ውስጥ ጠባቧ መንገድ ላይ ፎቶ፣ ከዚያ ሞል። ቀሪው ቀን ሞል ነው። ባለፈው በጋ አንድ ዘመዴን ስቶርቶርየት አደባባይ አቆምኩት። ቀይና ቢጫ ቤቶቹ ያሉበት፣ ፖስትካርድ ላይ የምታዩት። «እዚህ የቆምክበት ቦታ ላይ በኖቬምበር 1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ዳግማዊ ክርስቲያን ሰማንያ የሚሆኑ ጳጳሳትን፣ መኳንንትንና የከተማ ሰዎችን አንገት አስቀልቷል። ምሕረት ብሎ፣ ግብዣ ደግሶ፣ ከግብዣው ላይ ነው በር ዘግቶ ያስያዛቸው» አልኩት። ዘመዴ ስልኩን አየት አደረገና «ፀሐይ ገብታበታለች፣ ድገመው» አለኝ።

ደገምኩለት። ምን ላድርግ፣ እንግዳ ነው። ግን ያን ቀን ማታ የተናደድኩት በእሱ አልነበረም። ፎቶ ማንሳት ኃጢአት አይደለም፤ እኔም አነሳለሁ። የሚያናድደኝ ከተማን እንደ ግድግዳ መጠቀማችን ነው። ፎቶ ቤት ድሮ ከኋላችን የሚሰቀል ሥዕል ነበር አይደል? አበባና ፏፏቴ ያለበት። ስቶክሆልምን እንደዚያ መጋረጃ አደረግነው። ለመጋረጃ ከሆነ አውሮፕላን ምን ያደርጋል?

እሺ፣ ያቺ ጣውላ ምንድን ናት?

ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር እየተዋጋ ነው። ሁለት ደርብ መድፍ የተደረደረባት፣ 64 መድፍ የተሸከመች፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቅርጻ ቅርጽ ያጌጣት የጦር መርከብ አሠራ። ኦገስት 10 ቀን 1628 የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ ገፋት፣ አዘነበለች፣ ለክብር መድፍ ተኩስ ተከፍተው በነበሩት መስኮቶች ውሃ ገባ፣ ሕዝብ ዳር ቆሞ እያየ ሰመጠች። 30 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ።

እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። መርከቧ ገና ወደብ ላይ ታስራ ሳለች ሚዛኗ ተፈትኖ ነበር። 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ እንደሮጡ መርከቧ ክፉኛ ስለተወዛወዘች አድሚራሉ ሙከራውን አስቆመው። ልትገለበጥ እንደምትችል ዓይናቸው አይቷል ማለት ነው። ንጉሡ ሩቅ ጦር ሜዳ ላይ ነው፣ «ቶሎ በሉ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። «አይሆንም፣ ትሰምጣለች» ብሎ የሚመልስለት ሰው ጠፋ። መርከቧ ወጣች።

ከዚያ ምርመራ ተጀመረ። ካፒቴኑ ታሰረ። ሰክራችሁ ነበር ወይ? አልሰከርንም። መድፎቹ በደንብ አልታሰሩም ነበር? ታስረዋል። ሠሪውስ? ዋናው ሠሪ ከዓመት በፊት ሞቷል። ልኩንስ ማን ፈቀደ? ንጉሡ። እዚህ ላይ ጥያቄው ቆመ። ማንም ሳይቀጣ ነገሩ ተዘጋ። እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የምንለውን እነሱም በራሳቸው ቋንቋ ያውቁታል ማለት ነው።

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እርስዎ ጣውላ ያሉት ይሄንን ነው። ስንቶቻችን ነን መሥሪያ ቤት ውስጥ ያ ሩጫ ሲሮጥ አይተን፣ መርከቧ ስትወዛወዝ አይተን፣ አለቃ ይቆጣል ብለን ዝም ያልነው? ሪፖርቱን አሳምረን ፈርመን የላክነው? እኔ አድርጌዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ያላለፈ ተማሪ አልፏል ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ፣ ፈርሜያለሁም። ያንን ሁሉ ያስታወሰኝ ማንም ሰባኪ አይደለም፤ የሰመጠች መርከብ ናት።

ስዊድኖቹ ደግሞ ይሄን ውርደታቸውን ከባሕር ሥር አውጥተው፣ ቤት ሠርተውለት፣ ለዓለም ያሳያሉ። አንደሽ ፍራንሴን የሚባል ሰው ለዓመታት ሲፈልጋት ቆይቶ በ1956 አገኛት። ጠላቂዎች በጭቃው ውስጥ ከመርከቧ ሥር ስድስት ዋሻ ቆፍረው ገመድ አሳለፉ። በ1961፣ ከ333 ዓመት በኋላ፣ ወደ ላይ ወጣች። ያልበሰበሰችው የባልቲክ ባሕር ጨው ትንሽ ስለሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ስለማይኖርበት ነው። እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ 17 ዓመት ሙሉ ኬሚካል ተረጨባት። አሥራ ሰባት ዓመት! እኛ ድላችንን እንኳ ለአሥራ ሰባት ዓመት የምንንከባከብበት ትዕግሥት አለን?

እዚህ ላይ የተለመደው መልስ ይመጣል፤ «ሀብታም ስለሆኑ ነው።»

አይደለም። ሀብታም ሆነውም አፍርሰዋል። ከመሐል ከተማው የባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ የምታዩት ያ ሁሉ መስታወትና ኮንክሪት፣ ሰርጌል አደባባይ፣ አምስቱ ተመሳሳይ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ድሮ ክላራ የሚባል አሮጌ ሰፈር ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰዋል፣ በልማት ስም። በሥራዬ የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት ክላራ ነው የተወለዱት። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ በዚያ ሳልፍ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። አንድ ቀን ለምን አልኳቸው። በጣታቸው ባዶ አየር ላይ እየጠቆሙ «እዚያ ጋ ዳቦ ቤት፣ እዚያ ጋ የእናቴ መስኮት» እያሉ ቆጠሩልኝ። እኔ የማየው የመኪና መንገድ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ፒያሳ ያደጋችሁ፣ ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ጣታችሁ ራሱ ያውቀዋል።

ስቶክሆልም የቀረላት ነገር ካለ የቀረላት ሰው «ተው» ስላለ ነው። በግንቦት 1971 ለምድር ባቡር መግቢያ ተብሎ ኩንግስትሬድጎርደን መናፈሻ ውስጥ ያሉ አሮጌ ዛፎች ሊቆረጡ ሲሉ ሕዝቡ በሌሊት ወጣ። ዛፍ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ፖሊስ መጣ፣ ግርግር ሆነ፣ ሰው ግን አልወርድም አለ። በመጨረሻ ከተማው ተሸነፈ፣ የባቡሩ መግቢያም ቦታ ተቀየረለት። ዛሬ ዛፎቹ ሥር ሻይ ቤት አለ። እኛ እዚያ ቁጭ ብለን ፊካ እንጠጣለን፣ ጥላውን ማን እንዳተረፈልን ሳንጠይቅ።

ሌላም ልጨምር። ስካንሰን የሚባለውን ሁላችሁም ለልጆች መጫወቻና ለእንስሳቱ ታውቁታላችሁ። የመሠረተው አርቱር ሃሴሊዩስ ልክ እንደ እኔ መምህር ነበር፣ የቋንቋ መምህር። በ1872 ገጠር ሲዘዋወር የገበሬው ልብስና ዕቃ በፋብሪካ ዕቃ እየተተካ ሊጠፋ መሆኑን አየ። መሰብሰብ የጀመረው ከአንድ የገበሬ ሴት ቀሚስ ነው። ከዚያ ዕቃ፣ ከዚያ ቤት። ቤቶቹን ከየገጠሩ እያፈረሰ፣ እያጓጓዘ፣ እንደገና እየተከለ በ1891 ስካንሰንን ከፈተ፤ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የአየር ላይ ሙዚየሞች አንዱ ነው። ያኔ ስዊድን ሀብታም አልነበረችም። ሕዝቧ እየራበው በመርከብ ወደ አሜሪካ የሚሰደድባት አገር ነበረች። ልብ በሉልኝ፤ ሰው በሚሰደድበት ዘመን አንድ መምህር ቀሚስ ይሰበስብ ነበር። ስለዚህ «ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚለውን መልስ አትንገሩኝ። የእናታችሁ ሞሰብ፣ የአያታችሁ እንሥራ አሁን የት ነው? እኔ የአያቴን አላውቀውም። ፕላስቲክ ጀሪካን ሲገባ ማን እንደጣለው እንኳ አልጠየቅኩም።

ሁለተኛው መልስ «የነሱ ታሪክ ምን አገባን?» የሚለው ነው።

በመጀመሪያ፣ የእኛም ታሪክ እዚህ አለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ በባርነት ተሽጦ የነበረ ልጅ፣ በ1870ዎቹ እዚሁ ስቶክሆልም ዮሐኔሉንድ በተባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሯል። ከእኛ መቶ ዓመት ቀድሞ ይሄን ብርድ የቀመሰ ሰው ነው። ስንቶቻችን ነን ስሙን የምናነሳው?

ሁለተኛ፣ ቴንስታ፣ ሪንከቢ፣ ሁስቢ የምትኖሩ ወገኖቼ፤ ሰማያዊውን መስመር በየቀኑ ትሳፈሩበታላችሁ። የስቶክሆልም ምድር ባቡር መቶ ጣቢያ አለው፣ ከዘጠናው በላይ የሚሆኑት ውስጥ የሥነ ጥበብ ሥራ አለ። ቴንስታ ጣቢያ ግድግዳው ላይ አበባና እንስሳ፣ እንደ ልጅ እጅ የተሣለ የሚመስል፣ አይታችኋል? ሄልጋ ሄንሸን የምትባል ሠዓሊ በ1975 የሠራችው ነው። ለስደተኞች ብላ፣ ለእኛ ብላ። «ወንድማማችነት፣ እህትማማችነት» የሚለውን ቃል በ18 ቋንቋዎች ጽፋበታለች። እኛ ሳንመጣ እንኳን ደህና መጣችሁ ተብሎ ግድግዳ ላይ ተጽፎልናል፤ እኛ ግን ስልካችንን እያየን እናልፋለን፣ ከዚያ ቤት ገብተን «እነዚህ ሰዎች አይቀርቡም» እንላለን።

ማዕከላዊው ጣቢያ ሰማያዊው መስመር ላይ ስትወርዱ ደግሞ ቀና በሉ። ነጭና ሰማያዊ ቅጠሉን ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል። ትንሽ አለፍ ብላችሁ እዩ፤ የሰዎች ጥላ አለ። ዋሻውን የቆፈሩት፣ የበየዱት፣ የገነቡት ሠራተኞች ናቸው። ሠዓሊው ፔር ኡሎፍ ኡልትቬት ነው እነሱንም የሣላቸው። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ እዚያ ጋ ቆሜ አውቃለሁ። ንጉሥ አይደሉም፣ ጄኔራል አይደሉም። ሥራ ለብሰው የቆሙ ሰዎች ናቸው፣ እንደኔ።

ልበደልም አልፈልግም። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ አገር ቤት አራት ሰው የሚያስተዳድር፣ እሑድን ለእንቅልፍ ብቻ የሚጠብቅ ሰው አለ። እሱን «ሙዚየም አልሄድክም» ብሎ መውቀስ ነውር ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ማዘጋጃ ቤቱን ስምንት ሚሊዮን ጡብ እንደፈጀ፣ የኖቤል ራት የሚበላበት «ሰማያዊ አዳራሽ» ደግሞ ሰማያዊ እንዳልሆነ፣ አርክቴክቱ ቀይ ጡቡን አይቶ ስለወደደው ቀለም መቀባቱን እንደተወው ለማወቅ ትኬት ቆርጦ ከአስጎብኚ ጋር መግባት ያስፈልጋል። ለቤተሰብ ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የምድር ባቡሩ በኪሳችሁ ባለው ትኬት ነው። ጋምላ ስታን በር የለውም። ከዓለም ቅርሶች አንዱ የሆነው ስኩግስሺርኩጎርደን የመቃብር ስፍራ እንኳ በነፃ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያልናት ነገር ግማሽዋ ገንዘብ ናት፤ ግማሽዋ «ይሄ ለእኛ አይደለም» የሚል ልማድ ናት። እሷን ነው የምቃወመው። በራችን ላይ ማንም ያልለጠፈውን «መግባት ክልክል ነው» ራሳችን ጽፈን ራሳችን እናከብረዋለን።

አሁን ይሄን ሁሉ የምጮኸው ለምን እንደሆነ ልናገር። ጎንደር ያስተማርኳችሁ ታውቁታላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተማርኩ። ከትምህርት ቤታችን ፋሲል ግቢ በእግር ይደረሳል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ክፍል ይዤ ገብቼ አላውቅም። አፄ ፋሲለደስን፣ ታላቁ ኢያሱን፣ እቴጌ ምንትዋብን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ አስገለበጥኩ፣ አረምኩ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ለምን ሄደን አናየውም?» አለ። ምን ብዬ መለስኩ? «ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ።

ያ ልጅ ይሄን ፖስት ያነብ እንደሆነ እንጃ። ካነበበ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ጥያቄህ ትክክል ነበር፣ መልሴ ስህተት ነበር። መርከቧ ስትወዛወዝ አይተህ ተናግረሃል፤ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁህ።

ጋሼ «አክሱምና ላሊበላ እያሉን» ያሉትም ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ። አዎ፣ አሉን። ግን ማየት የሚባል ነገር ካልተለማመድን የእኛንም አናይም። ላሊበላን ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ከኋላው አድርጎ ሰልፊ ተነስቶ የተመለሰ ሰው፣ ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ መሠራቱን ቆም ብሎ ካላሰበ፣ እሱም ያው መጋረጃ ነው ያየው። ፈረንጁ መጥቶ ቅርሳችንን በዝግታ፣ በአክብሮት እንዲያይልን እንፈልጋለን አይደል? እንግዲያው እኛም የሰውን እንደዚያ እንይ። ብድር በምድር ነው።

ልጨርስ። ስቶክሆልም ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሐበሻ ሰዓት 8፣ በፈረንጁ 14:00፣ ቴንስታ ጣቢያ ባቡሩ የሚቆምበት ጋ እጠብቃችኋለሁ። በሐበሻ ሰዓት ማለቴ በሐበሻ ቀጠሮ ማለቴ አይደለም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። አስጎብኚ አልቀጥርም፣ ገንዘብ አልሰበስብም። ከቴንስታ ተነስተን፣ ማዕከላዊ ጣቢያ የሠራተኞቹን ጥላ አይተን፣ ኩንግስትሬድጎርደን ወጥተን ከዛፎቹ ሥር እንቀመጣለን። ያን ቀን ንግግር የለኝም፣ አስተማሪነቴን ቤት ትቼ ነው የምመጣው። ልጆቹ ይንገሩን፤ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ።

«ምንም አልጎደለብኝም» ያልከው ወዳጄ፣ አንተን በተለይ እጠብቅሃለሁ። የመጀመሪያው ቡና በእኔ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ መምህር የሆናችሁም ብዙ ናችሁ። ከትምህርት ቤታችሁ በእግር የሚደረስ ምን አለ? አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ ባቡር ጣቢያ፣ የጦር ሜዳ፣ አንድ ዋርካም ቢሆን? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ከዚያ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ፈተና ላይ ባይመጣም።